ለከባድ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ሰፊ የመቆሚያ ጫማ አገጣጠም

ሻንጣ የተጫነበት ከባድ ሞተር ሳይክል በጎን መቆሚያው ቆሞ ሳለ ሲወድቅ፣ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ማንም የለም። ባለቤቱ ሲያቆመው መሬቱ ጠንካራ ይመስላል፤ መቆሚያውም አልሰመጠም። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ በግራ ጎኑ ተኝቶ፣ መስተዋቱ ተሰብሮ፣ የፍሪሲዮን እጀታው ተጣሞ ያገኘዋል። ፀሐይ የመታው አስፋልት፣ ዝናብ የጠጣ ሣር፣ ልቅ ጠጠር፣ አሸዋ፤ ሁሉም መጀመሪያ ይሸከሙና ቀስ በቀስ ይለቃሉ። በተለይ አስፋልት ያታልላል። ውስጡ ያለው ሬንጅ ሲሞቅ በጣም የወፈረ ፈሳሽ ጠባይ ያመጣል፤ ለአንድ ደቂቃ ቢጫኑት ምንም አይሆንም፣ ለሰዓታት ቢጫኑት ግን ይሰረጉዳል። በብርቱ ፀሐይ የአስፋልት ገጽ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ለመንገድ ሥራ የሚውሉ ብዙ የሬንጅ ዓይነቶች ደግሞ መለስለስ የሚጀምሩት ከዚያ በታች ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፦ መቆሚያው መሬት የሚነካበትን ቦታ ማስፋት። ከዚህ በታች ከቴላዮው (ከሞተር ሳይክሉ ዋና አጽም) ጋር በሞላ ተይዞ የሚዘረጋውንና የሚታጠፈውን ዘንግ «መቆሚያ»፣ መሬት የሚነካ ጫፉን «መርገጫ»፣ ከመርገጫው ጋር የምናስረውን ሰፊ ዝርግ ደግሞ «ጫማ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስፋቱ ምን ያህል ይበቃል?

ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ያለ ጉዞ ዕቃ ከ350 ኪሎ ይበልጣል፤ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ አድቬንቸር ነዳጅ ሞልቶ 268 ኪሎ ነው። ሻንጣው ሞልቶ ድንኳንና የዝናብ ልብስ ሲጨመርበት ጎልድ ዊንጉ 400 ኪሎ አካባቢ ይገባል። እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል 10 ወይም 12 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ አዘንብሎ ሲቆም፣ ከክብደቱ ሩቡ፣ አንዳንዴም ሲሶው መቆሚያው ላይ ያርፋል፤ የቀረውን ጎማዎቹ ይሸከማሉ። ስለዚህ በመርገጫው በኩል ወደ መሬት የሚወርደው ከ100 እስከ 130 ኪሎ ነው። ከፋብሪካ የወጣ መርገጫ 4 በ5 ሴንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 20 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። 120 ኪሎ ለ20 ሲካፈል በየካሬ ሴንቲሜትሩ 6 ኪሎ ይደርሳል። ጎማ በበኩሉ መሬቱን የሚጫነው በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ልክ ገደማ ነው፤ 42 ፒኤስአይ (በጎማ መንፊያ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማ በካሬ ሴንቲሜትር 3 ኪሎ ያህል ይጫናል። ጎማው በሰላም የቆመበትን መሬት መርገጫው በእጥፍ እየወጋው ነው ማለት ነው።

ግቡ ከዚሁ ይወጣል፦ የመርገጫውን ግፊት ከጎማው ግፊት በታች ማውረድ። 7 በ9 ሴንቲሜትር የሆነና ማዕዘኖቹ የተሞረዱ ጫማ 60 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሰጥ ግፊቱ ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ማስፋት ለአሸዋ ያግዝ ይሆናል፤ ለተለመደ ጉዞ ግን ትርፉ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ ነው። ብሎን ማጥበቁ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ የሚያልፈው ጫማው ተዘርግቶም ታጥፎም የት እንደሚደርስ በመለካት ነው፤ እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ዕዳውን መንገድ ላይ ይከፍላል።

የትኛውን ዓይነት?

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ቆንጣጩን ነው። ሁለት ዝርጎች ከላይና ከታች መርገጫውን መሐል አስገብተው በሦስት ወይም በአራት ብሎን ይይዙታል። የላይኛው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም፣ የታችኛው የማይዝግ ብረት ነው። እንደ ቱራቴክና ኤስደብሊው ሞቴክ ያሉ አምራቾች በየሞዴሉ መርገጫ ልክ ቀርጸው ያወጧቸዋል፤ መቆሚያው አይበሳም፣ አይበየድም፣ ካልተስማማም ይፈታል። ሲገዙ የሞተር ሳይክሉን ስም ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ዓመትም ያረጋግጡ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ትውልዶች መርገጫቸው ሊለያይ ይችላል።

መርገጫውን በስቶ በብሎን የሚታሰረው ዓይነት ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ግን የተበሳው ቀዳዳ አይመለስም፣ በመርገጫውና በዘንጉ መጋጠሚያ አጠገብ ከተበሳም መቆሚያውን ያደክመዋል። ብየዳ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የሚበየድ ከሆነ መቆሚያው ከሞተር ሳይክሉ ወጥቶ ሞርሳ ላይ መታሰር አለበት፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ በቴላዮው በኩል አልፎ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። መቆሚያው ብረት መሆኑን ደግሞ አስቀድመው በማግኔት ይፈትሹ፤ ማግኔት ካልያዘው ተራ የብረት በያጅ ጋ አይውሰዱት። በማጣበቂያ ብቻ የሚለጠፉ የፕላስቲክ ጫማዎች ለቀላል ሞተር ሳይክል ይሆኑ እንደሆን እንጂ ለዚህ ክብደት አልመክራቸውም።

አንድ ነገር ከስፋቱ እኩል ይታይ፦ ውፍረቱ። ከመርገጫው ሥር የሚገባው ዝርግ መቆሚያውን ያስረዝመዋል፣ የረዘመ መቆሚያ ደግሞ ሞተር ሳይክሉን ወደ ቀጥታ ያቀርበዋል። መርገጫው ከጎማዎቹ መስመር 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጎን ርቆ የሚያርፍ ከሆነ፣ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ከማዘንበያው 1.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን አስቀድሞም ቀጥ ብሎ የሚቆም ሞተር ሳይክል ከሆነ ነፋስ ወይም የሰው ክርን ወደ ቀኝ ሊገፋው ይችላል። የኋላ ሞላውን ያስነሳ ወይም ከፍ ያለ ጎማ የገጠመ ሰው ይህ ውፍረት ይጠቅመዋል፤ ሞተር ሳይክሉን ዝቅ ያስደረገ ሰው ግን በጣም ቀጭኑን ይፈልግ። ዕቃ ሲጫን ሞላው ስለሚቀመጥ ቴላዮው ዝቅ ይላል፤ መቆሚያው ያን ጊዜ እንደረዘመ ያህል ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚፈትሹት ሻንጣው ሞልቶ፣ የሞላው ማስተካከያም እንደ ጉዞው ከተደረገ በኋላ ነው።

ከመግዛት በፊት በካርቶን መሞከር

ወፍራም ካርቶን ከመርገጫው ሥር ያስገቡ፤ ዙሪያውን በእርሳስ ያንሱ፤ የፊቱን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ። ከዚያ ሊገዙ ወይም ሊሠሩ ያሰቡትን ጫማ ቅርጽ በዚያው ላይ ይሳሉና ቆርጠው በፕላስተር መርገጫው ላይ ይለጥፉት።

የቱ ጠርዝ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ግድ ነው። መቆሚያው ሲታጠፍ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይዞራል፤ ጫማውም አብሮት ይገለበጣል። ቆሞ ሳለ የፊት የነበረው ጠርዝ ሲታጠፍ የታች ይሆናል፤ በግራ ኩርባ ሲያዘነብሉ መሬት የሚቀርበው እሱ ነው። የኋላ የነበረው ጠርዝ ወደ ላይ ይወጣል፤ የእግር ማሳረፊያውን፣ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ወይም ሽፋኑን ሊገጭ የሚችለው እሱ ነው። መሬት የሚነካው ገጽ ወደ ኋላ ይዞርና የመሐል መቆሚያውን ይፋጠጣል። ወደ ውስጥ ያለው ጠርዝ ወደ ጎማውና ወደ ካቴናው፣ ወደ ውጭ ያለው ወደ እግርዎ ጫማ ጫፍ እንደሆነ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት ጭማሪው በዋናነት ወደ ውጭና ወደ ኋላ፣ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን። ወደ ፊት ብዙም አይጨምሩ፤ የፊት ጠርዙም ሹል አይሁን። መቆሚያውን ሳያጥፉ ቢነሱ መሬት ሲነካ ወደ ኋላ መታጠፍ አለበት፤ የአሜሪካ የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 123 ይህንኑ የሚያስገድደው ያለምክንያት አይደለም። መሬት የሚቆፍር ሹል ጠርዝ ይህን ጥበቃ ያሰናክለዋል።

ካርቶኑ እንደተለጠፈ መቆሚያውን በእጅ ቀስ ብለው አጥፈው ይዘርጉት። ካርቶን የታጠፈበት ወይም የተላጠበት ቦታ፣ ብረቱ የሚገጭበት ቦታ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከጫማው ጋር ከሚመጡት ብሎኖች ሌላ፦ አዲስ ወይም ጫፉ ያልተበላ የብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ስብስብ፣ ለትንንሽ ብሎን የሚሆን ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ)፣ ሽቦ ብሩሽ፣ ሞረድ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ መካከለኛ ኃይል ያለው ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ (ሎክታይት 243 ወይም መሰሉ)፣ ግራሶ፣ ጠመኔ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ቀለም ወይም የጥፍር ቀለም። ቀዩን ማጣበቂያ ይተዉት፤ እሱን ለመፍታት ብሎኑን በእሳት ማጋል ይጠይቃል፣ ትንሽ ጥልቀት ያለው የብሩጎላ ራስ ደግሞ ያን ትግል አይችልም።

ሞተር ሳይክሉን ማስጠጋትና ማሰር

ሥራው መቆሚያው በአየር ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሞተር ሳይክሉ በሌላ ነገር መቆም አለበት። የመሐል መቆሚያ ካለው ደረቅና ደልዳላ ወለል ላይ በእሱ ያቁሙት። ሻንጣዎቹን ያውርዱ። አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፤ የፊት ፍሬኑን እጀታ ጨብጠው በማሰሪያ እንደተጨበጠ ይያዙት፤ ከፊት ጎማው ፊትና ኋላ ሽብልቅ ያድርጉ። ሲያነሱት አንድ ሰው በቀኝ በኩል ቢቆምልዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ከባድ ሞተር ሳይክል የሚጥለው በዚያች ቅጽበት ወደ ማዶው ሲያልፍበት ነው።

አንዳንድ ከባድ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች፣ ለምሳሌ የሃርሊ ዴቪድሰን የጉዞ ሞዴሎች፣ የመሐል መቆሚያ ሳይኖራቸው ይወጣሉ። ለእነሱ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ጨብጦ የሚይዝ ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ በተጨማሪ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ ጠንካራ ቀበቶ ከፊት ሹካው ወደ ማይነቃነቅ ነገር ይታሰር። ጓደኛ ቀጥ አድርጎ ይዞልኝ እኔ ሥሩ ገብቼ እሠራለሁ የሚለውን አይሞክሩ። ግድግዳ ማስደገፍም እንዲሁ።

አገጣጠሙ

1. ያጽዱ፣ ያያሉም። መርገጫውን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው በፍሬን ማጽጃ ይጠቡት። ጭቃ ሲለቅ የሚታዩ ነገሮች አሉ፦ መርገጫውና ዘንጉ በተበየዱበት ቦታ ላይ ስንጥቅ፣ የሞላው መንጠቆ መሳሳት፣ መቆሚያው በሚዞርበት ብሎን ላይ የበዛ መወላወል። መቆሚያውን ይዘው ወደ ጎን ያወዛውዙት። ሰፊ ጫማ የላላ መጋጠሚያን አያድንም፤ የላላ ካለ እሱ ይቅደም። መዞሪያውን ግራሶ ይቀቡት።

2. መርገጫውን ያስተካክሉ። የብረት ማስመሪያውን ከሥሩ ያስደግፉና ብርሃን የሚያልፍበትን ይዩ። ለዓመታት አስፋልት የፈጨው መርገጫ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጠርዝ የተበላ ነው፤ የብየዳ እብጠትም ይኖረዋል። እብጠቱን በሞረድ ያውርዱ፤ ባዶ የቀረውን ብረት ቀለም ያስነኩት። ከመርገጫው ራሱ ብዙ ብረት ግን አይቁረጡ።

3. ያለ ማጣበቂያ ያሰናዱት። ሁለቱን ዝርጎች በአቅጣጫቸው ያስቀምጡና ብሎኖቹን በጣት ብቻ ያስገቡ። ጥንዶቹ ዝርጎች መርገጫውን ሳይቆነጥጡ እርስ በርሳቸው ከተነካኩ ብሎኑ ምንም ያህል ቢጠብቅ ጫማው አይያዝም። በመካከላቸው በዙሪያው እኩል የሆነ ቢያንስ የ1 ሚሊሜትር ክፍተት መታየት አለበት። ክፍተቱ ከሌለ፣ ከመርገጫው በላይ በልኩ የተቆረጠ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ያስገቡ። የጎማ ቁራጭ አይጠቀሙ፤ ጎማ ከክብደት ሥር እየተጨመቀ ይሄድና ብሎኖቹ ይላላሉ።

4. በዚሁ እንዳለ መቆሚያውን አጥፈው ይዘርጉት፤ ካርቶኑ ያልነገረዎትን ብረቱ ይነግርዎታል። የሚነካ ጠርዝ ካለ አሁኑኑ ምልክት አድርገው አውጥተው ይሞርዱት።

5. ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያውጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካወጧቸው ያሰናዱት ቦታ ይስታል። የወጣውን ብሎንና የገባበትን ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) በፍሬን ማጽጃ አጽድተው ያድርቁ፤ በፊሌቶው ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ማጣበቂያ አድርገው ይመልሱት። የማይዝግ ብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ ጨዋማ ውሃ ካገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ማጣበቂያው ፊሌቶውን ሞልቶ ውሃውንም ስለሚከለክል ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ ብሎን ላይ ማጣበቂያና ግራሶ አብረው አይሄዱም።

6. በማዕዘን እየተሻገሩ ያጥብቁ፤ መጀመሪያ ሁሉንም በግማሽ ኃይል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው። አምራቹ የጻፈው ልክ ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ፣ አሉሚኒየም ውስጥ ለሚገባ ኤም 5 (5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ብሎን 5 ኒውተን ሜትር፣ ለኤም 6 ደግሞ 8 ኒውተን ሜትር በቂ ነው። ራሳቸው ጠልቆ የሚቀመጥ ብሎኖች ለኤም 5 ባለ 3፣ ለኤም 6 ባለ 4 ሚሊሜትር ብሩጎላ ይወስዳሉ፤ ጉድጓዳቸው አጭር ስለሆነ ቁልፉ እስከ ሥሩ መግባቱን ሳያረጋግጡ አይዙሩ።

7. ከብሎኑ ራስ ወደ ዝርጉ የሚያልፍ ስስ መስመር በቀለም ያስምሩ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ስለሚሰበር በኋላ ቁልፍ ሳያወጡ በዓይን ማየት ይቻላል። ከሥር ያሉትን የብሩጎላ ጉድጓዶች በሲሊኮን ወይም በግራሶ ይድፈኗቸው፤ አለዚያ ጠጠር ተቀርቅሮባቸው በሚፈቱበት ቀን ያስለቅሱዎታል። ማጣበቂያው ሙሉ ኃይሉን እስኪይዝ 24 ሰዓት ይተዉት።

ከመንዳት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በመሐል መቆሚያ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል ሙሉ እውነቱን አይናገርም። የኋላ ጎማው በአየር ላይ ስለሚንጠለጠል ጎማውን የሚይዘው ክንድ ወደ ታች ወርዷል፤ ሰውና ዕቃ ሲጫንበት ክንዱ ወደ ላይ ይመጣል፣ ከታጠፈው ጫማ ጋር ያለው ርቀትም ይለወጣል። ስለዚህ ክፍተቱን ሁለቴ ይለኩ፦ አንዴ እንዲህ ተንጠልጥሎ፣ አንዴ ሞተር ሳይክሉ በጎማዎቹ ቆሞ እርስዎ ተቀምጠውበት፣ ሻንጣው ሞልቶ፣ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ እየተመለከተ። ከሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ከክንዱ፣ ከካቴናውና ከጎማው፣ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ከማይንቀሳቀስ ነገር 5 ሚሊሜትር ይበቃል። ማርሚታው ሲሞቅ እንደሚለጠጥም አይርሱ።

የመሐል መቆሚያውን ያውርዱ፣ ይመልሱ፤ የጎን መቆሚያው ታጥፎም ተዘርግቶም። ሲነዱ የሚያደርጉትን የእግር ጫማ አድርገው ማርሽ ይቀይሩ፤ አዲሱ ጠርዝ የእግርዎን ተረከዝ ከያዘው መንገድ ላይ ያናድድዎታል።

የማዘንበያ ክፍተቱን ለማወቅ 400 ኪሎ ማዘንበል አያስፈልግም። ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ በጎማዎቹ ቆሞ ሳለ፣ ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ይውሰዱ፤ አንዱን ጫፍ ጎማው መሬት በሚነካበት የግራ ጠርዝ ላይ፣ ሌላውን ከግራው የእግር ማሳረፊያ ጫፍ በታች ያስደግፉ። በኩርባ ላይ መሬት መጀመሪያ መንካት ያለበት ማሳረፊያው ነው፤ እሱ ታጥፎ ይመለሳል። የታጠፈው ጫማ ከጣውላው በላይ በግልጽ ክፍተት ከቆመ ደህና ነው። ጣውላውን ከነካው ወይም ወደ ታች ካለፈው፣ የታችኛውን ጠርዝ (ሲዘረጋ የፊት የሆነውን) ይሞርዱ። እዚህ ላይ «አልፎ አልፎ ብቻ ነው የማዘነብለው» ብሎ መተው አይገባም። በግራ ኩርባ መሬት የነካ የማይታጠፍ ብረት የኋላ ጎማውን ሊያነሳው ይችላል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። አብዛኞቹ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች መቆሚያው ተዘርግቶ ማርሽ ከገባ ሞተሩን የሚያጠፋ ስዊች አላቸው። ሞተሩን በዜሮ ማርሽ ያስነሱ፣ መቆሚያውን ያጥፉ፣ ፍሪሲዮን ይዘው አንደኛ ያስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን እንደያዙ መቆሚያውን ይዘርጉ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወይም መቆሚያው ታጥፎም ሞተሩ የሚንተፋተፍ ከሆነ፣ ጫማው መቆሚያውን እስከ መጨረሻው እንዳይታጠፍ ከልክሎታል፣ አለዚያ የስዊቹን ሽቦ ነክቷል።

የመቆሚያውን ሞላም ይፈትሹ። ጫማው ጥቂት መቶ ግራም ይጨምራል፤ ጭማሪው ከመዞሪያው ርቆ በጫፉ ላይ ስለሆነ ለሞላው ከቁጥሩ በላይ ይከብደዋል። የታጠፈውን መቆሚያ 3 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ጎትተው ይልቀቁት፤ ጥርቅ ብሎ መመለስ አለበት። የሚያመነታ ከሆነ ጉድጓድ ላይ ሲዘሉ መቆሚያው ይወርዳል፣ ስዊቹም በፍጥነት እየነዱ ሞተሩን ሊያጠፋብዎ ይችላል። የደከመ ሞላ ይቀየር።

የመጨረሻው የጠመኔ ሙከራ ነው። የጫማውን ሥር በጠመኔ ይቀቡ፤ ንጹሕ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሞተር ሳይክሉን በመቆሚያው ያሳርፉት፤ ያንሱትና አሻራውን ይዩ። ነጩ ዱቄት በአብዛኛው ስፋት ላይ ካረፈ ሥራው ተሳክቷል። በአንድ ጠርዝ ብቻ መስመር ሠርቶ ከሄደ፣ ያ ሁሉ ስፋት አየር ላይ ነው፤ ለስላሳ መሬት ላይ ያ ጠርዝ ብቻውን ይቆርጣል፣ 60 ካሬ ሴንቲሜትር የተባለውም ወረቀት ላይ ይቀራል። ይህን የሚያርመው በመርገጫውና በታችኛው ዝርግ መካከል የሚገባ፣ ወደ አንድ ጎን እየሳሳ የሚሄድ ስስ ላሜራ ነው። ባዶውንና ተጭኖ ማዘንበያው ስለሚለያይ ፍጹም ልክ አይገኝም፤ እኔ ብሆን ለተጫነው አደላለሁ፣ ክብደቱ የሚበዛው ያን ጊዜ ስለሆነ።

ራስዎ መሥራት ከፈለጉ

ለሞዴልዎ የተሠራ ከሌለ ሥራው ለማንኛውም ብረት ሠራተኛ ቀላል ነው። ለታችኛው 5 ሚሊሜትር ብረት ወይም 8 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ይበቃል። ቅርጹን ከካርቶኑ ያንሱ፤ ማዕዘኖቹን ያክብቡ፤ የሥር ጠርዞቹን ዙሪያውን ይሞርዱ። የላይኛው ዝርግ መሐሉ ተቆርጦ ዘንጉን በሁለት ወገን እንዲያቅፍ ከሁለት ቁራጭ ቢሠራ ለማስገባት ይቀላል። ፊሌቶ ማውጣት ካሰቡ ለኤም 6 ባለ 5 ሚሊሜትር ፑንታ ይጠቀሙ፤ ግን አሉሚኒየም ላይ አስተማማኝ ፊሌቶ የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል ጊዜ፣ ማለትም 9 ሚሊሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። 8 ሚሊሜትሩ ስለማይበቃ በትራፓኖ ዘልቆ በስቶ፣ ከላይ በሮንዴላና ባለ ናይለን ዳዶ ማሰር ይሻላል። ብሎኑ ከሥር ይግባ፤ ራሱም ከገጹ ጋር እኩል እንዲሰምጥ የቀዳዳው አፍ ይስፋ። ወደ ታች የወጣ የብሎን ራስ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ይሆንና የሠሩትን ሥራ ያፈርሳል።

ከዚያ በኋላ

ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎሜትር በኋላ የቀለም መስመሮቹን ይዩ፤ አዲስ የተቆነጠጠ ነገር ትንሽ መቀመጡ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ የሞተር ዘይት በቀየሩ ቁጥርና ሞተር ሳይክሉ በወደቀ ቁጥር ማየት ይበቃል።

ሰፊ ጫማ ቁልቁለትን አያስተካክልም፤ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙሮ በአንደኛ ማርሽ ማቆም እንደ ድሮው ነው። መቆሚያው እንደተዘረጋ የግራውን ማሳረፊያ ረግጠው እንደ ፈረስ አይውጡበት፤ የእርስዎ ክብደት በሙሉ በዚያች መዞሪያ ብሎን ላይ ይታከላል። ጭቃ ላይ ሲያቆሙ ደግሞ ሰፊው ጫማ ከጠባቡ ይልቅ ብዙ ጭቃ ይዞ ይነሳል፤ ከማጠፍዎ በፊት በእግርዎ ጫማ ጎን ይምቱት፣ አለዚያ የደረቀው ጭቃ መቆሚያው እስከ መጨረሻው እንዳይታጠፍ ይከለክላል። አንድ ትርፍ ብሎንና ልኩ የሆነ ብሩጎላ ከመቀመጫው ሥር ካለው የመሣሪያ ከረጢት ውስጥ ያኑሩ።